ዋግን ይቋቋማል የተባለው ስንዴ ለምን ቶሎ ይሸነፋል? (ጥያቄውና 21 መልሶች)

ስንዴ ላይ ለምትሠሩ ሁሉ ያቀረብኩት ጥያቄ ይህ ነበር። ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1995 ተለቆ አርሲንና ባሌን ሞላ፤ በ2010 መኸር ቢጫ ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ ጠራረገው፣ ጋለማ የተባለውም ዝርያ አብሮት ሄደ። አርሶ አደሩ ፊቱን ወደ ዲገሉ አዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይችላል፣ ከዩጋንዳ የተነሳውንም የግንድ ዋግ ይችላል ተብሎለት ነበር። ሦስት ዓመት እንኳ በወጉ ሳይሞላ፣ በ2013 መኸር መጨረሻ፣ ሌላ የግንድ ዋግ መጣና ባሌና አርሲ ላይ ኮምባይነር የማይገባባቸው ማሳዎች ታዩ። አንድ ዝርያ ከድቀላ እስከ መለቀቅ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ የሚወድቀው ግን በአንድ መኸር ነው። ስለዚህ አቋሜን እንዲህ አስቀመጥኩ፦ በሄክታር ግማሽ ሊትር ፀረ-ፈንገስ በጊዜው የሚረጭ ገበሬ፣ ዋግ የማይነካው ዘር ከሚጠብቅ ገበሬ የተሻለ ያመርታል፤ የምርምሩም ጉልበት ከዝርያ ይልቅ ወደ ርጭቱ ቢያዘነብል ይበጃል። የምትቃወሙ ምክንያታችሁን አምጡ።

የውይይቱ ክር ረዝሞ ስለተበታተነ፣ ዘግይቶ ለሚደርስ አንባቢ እንዲመች መልሶቹን በቁጥራቸው ተራ በራሴ አነጋገር ጠቅለል አድርጌ አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ስድቡን ትቻለሁ፤ ቁጣውን ግን አልተውኩም፣ አንዳንዱ ቁጣ ቁም ነገር አለበት።

መልስ 1። ከአነጋገሩ አዳቃይ የሚመስል ሰው በትህትና ጀመረ። ዲገሉ ትናንት የነበረውን መከላከያ ዛሬም ይዞታል፤ የመጣበት ጠላት ነው ሌላ። የግንድ ዋግን በዋናነት ይመክትበት የነበረው ኤስአር-ቲኤምፒ የሚባል አንድ ዘረመል ነው። ይህ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ1998 ዩጋንዳ ውስጥ የተገኘውን ዩጂ99 የተባለ የግንድ ዋግ ዘር (የፈንገሱን አንድ ዓይነት) ያቆማል። በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው ቲኬቲቲኤፍ የተባለው የዋግ ዘር ግን ከዩጂ99 ወገን አይደለም፤ ያን ዘረመል ያልፈዋል። ስለዚህ ዲገሉ ያኔ የታወቀውን ዩጂ99 ይችላል የተባለው እውነት ነበር። ችግሩ ያለው ይችላል ሲባል የትኛውን እንደሚችል አለመነገሩ ላይ ነው።

መልስ 2። ሁለተኛው ተስማማና ከኩብሳ በኩል ጨመረበት። ኩብሳ ከሲሚት፣ ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል፣ የመጣ፣ አቲላ የሚባል የድቀላ መስመር ነው፤ ቢጫ ዋግን ይከላከል የነበረው ዋይአር27 በሚባል ዘረመል ነው። ህንድ ውስጥ በሚሊዮን ሄክታር የተዘራው ወንድሙም በዚያው ዘረመል ላይ ቆሞ በዚያው መንገድ ወድቋል። ከዚያ ወደ እኔ መለስ ብሎ አንድ ነገር ነቅፏል። የ2013ቱ ጉዳት የዘረመል ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ከ2010 በኋላ ሁሉም ወደ አንድ ዝርያ በመሮጡ ፈንገሱ ከወረዳ ወረዳ ሲሻገር የሚያገኘው ያንኑ ስንዴ ሆነ። ሩብ ያህሉ መሬት ብቻ ዲገሉ ቢሆን ኖሮ ያው ፈንገስ ይመጣ ነበር፣ ጉዳቱ ግን እዚህ አይደርስም ነበር ባይ ነው።

መልስ 3። አጭር ናት። ወሬው የዘረመል ስም ብቻ ሆነብኝ፤ ማሳ ውስጥ ቆሞ ሦስቱን ዋጎች እንዴት እንደሚለይ የሚነግረኝ አለ ወይ የምትል።

መልስ 4። ለ3ኛው የተሰጠው መልስ የክሩን ፊት ወደ መሬት መለሰው። ቢጫ ዋግ ባደገ ቅጠል ላይ በደም ሥሩ አቅጣጫ እንደ መኪና ስፌት ተሰልፎ ይወጣል፤ ቡቃያ ላይ ግን መስመር ስለማይሠራ የተበታተነ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ቀዝቃዛ አየር ይወዳል፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚታየውም በደጋው ነው። ከባሰ ዛላው ውስጥ ገብቶ በፍሬው ሽፋን ሥር ቢጫ ዱቄት ያስቀምጣል። የቅጠል ዋግ ክብ፣ ብርቱካናማ ቡናማ፣ አለ ሥርዓት የተበተነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቅጠሉ የላይ ገጽ ላይ ብቻ ነው። የግንድ ዋግ ረዘም ያለ፣ የጡብ ቀለም ያለው ቁስል ነው፤ የግንዱ ቆዳ ተቀዶ ጫፉ ይገለበጣል፣ ጣት ሲያልፍበት ይሻክራል፣ ቅጠል ላይ ከወጣ በሁለቱም ገጽ ይታያል። ሞቅ ያለ አየር ስለሚፈልግ አዘውትሮ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሰብሉ ሊደርስ ሲል ቁስሉ ይጠቁራል። ጥርጣሬ ካለ ነጭ ጨርቅ ወስዶ ማሸት ነው፦ ዋግ ቀለም ይተዋል። ሴፕቶሪያ የሚባለው ሌላ የቅጠል በሽታ አይተውም፤ እሱ በደረቀው የቅጠል ክፍል ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ነው ያለው።

መልስ 5። የ4ኛውን አመስግኖ አሰሳውን አስተማረ። ቢጫ ዋግ ሲጀምር ማሳውን ሁሉ እኩል አይዝም፤ አንድ ሁለት ሜትር ስፋት ያላት ቢጫ ክብ ታበጃለች። መንገድ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ክቧን አያገኛትም። ስለዚህ ማሳውን ወዲያና ወዲህ በዚግዛግ መሄድ፣ በየተወሰነ እርምጃ ቆሞ ታችኛውን ቅጠል ገልጦ ማየት። ከማቆጥቆጥ ጀምሮ በሳምንት አንዴ፤ ደመና፣ ካፊያና የጠዋት ጤዛ ከበረታ በየሦስት አራት ቀኑ። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ የዋግ ብናኝ ቅጠል ላይ አርፎ ለመብቀል ለጥቂት ሰዓት እርጥበት ይበቃዋል፣ ከዚያ አዲስ ብናኝ እስኪያፈራ ሁለት ሳምንት እንኳ ላይፈጅበት ይችላል፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልታየ ማሳ ማለት አንድ ሙሉ ትውልድ ያመለጠው ማሳ ነው ይላል።

መልስ 6። እዚህ ላይ ርጭት ገባ። ስድስተኛው፣ ኬሚካል ያከፋፍል እንደሆነ የጠረጠርኩት ሰው፣ ቲልት የሚባለውም ሆነ ናቱራ የሚባለው ፀረ-ፈንገስ ለ16 ሊትር መርጫ 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ ሌላው ሁሉ ማወሳሰብ ነው ብሎ ዘጋው።

መልስ 7። የ6ኛው መልስ ሰባተኛውን አልጣመውም፤ ሒሳቡን ዘረዘረ። መጠኑ በሄክታር ግማሽ ሊትር ኬሚካል፣ በ250 ሊትር ውሃ ነው። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ 125 ሚሊ ሊትር ኬሚካልና 62 ሊትር ያህል ውሃ ይወስዳል፤ ይህ በ16 ሊትር መርጫ አራት ጊዜ መሙላት ነው፣ በእያንዳንዱ 31 ሚሊ ሊትር ገደማ። ሃምሳ ሚሊ ሊትር የሚለው የሚሠራው በሄክታር አሥር መርጫ ብቻ ለሚረጭ፣ ማለትም በ160 ሊትር ውሃ ለሚጨርስ ነው፤ ዛላ ሊያወጣ የደረሰ ጥቅጥቅ ያለ ስንዴ ውስጥ ያ ውሃ ወደ ታች አይደርስም። ገበሬው በ6ኛው ልክ እየበጠበጠ በአራት መርጫ ጥማዱን ከሸፈነ ደግሞ 200 ሚሊ ሊትር አፈሰሰ ማለት ነው፤ የተረፈው የሻጭ ትርፍ ነው። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ባይጨምር ጥሩ ነበር።

መልስ 8። ስድስተኛው ተመልሶ መጣ፣ ተቆጥቶ። 250 ሊትር ውሃ የሚባለው የወረቀት ውሃ ነው ይላል። ከወንዝ በአህያ የሚቀዳለት ማሳ ላይ ለአንድ ሄክታር 250 ሊትር ውሃ የሚያደርስ ገበሬ የት አለ? ሰው በቀነሰ ውሃ ይረጫል፤ ስለዚህ በየመርጫው የሚገባው ኬሚካል መጨመሩ ግድ ነው። በዚህ ብቻ ከሆነ አልተሳሳተም።

መልስ 9። የክሩ ምርጥ መልስ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ሁለቱንም ስላስታረቀ። ቋሚው ነገር በሄክታር ግማሽ ሊትሩ ነው፤ በየመርጫው የሚገባው ግን እንደ ረጪው እርምጃ፣ እንደ አፍንጫው ቀዳዳና እንደ ግፊቱ ይለያያል። ስለዚህ ከኬሚካሉ በፊት በንጹሕ ውሃ መለካት። 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት በእንጨት ምልክት አድርጎ፣ መርጫው ውስጥ 5 ሊትር ውሃ ሞልቶ፣ በተለመደው እርምጃ ረጭቶ፣ የቀረውን መልሶ መስፈር። የወጣው ሁለት ሊትር ተኩል ከሆነ ያ ሰው በሄክታር 250 ሊትር ይረጫል፤ በ16 ሊትሩ 32 ሚሊ ሊትር ያስገባ። የወጣው አራት ሊትር ከሆነ በሄክታር 400 ሊትር ነው፤ 20 ሚሊ ሊትር ያስገባ። አንድ ሊትር ተኩል ብቻ ከወጣ በሄክታር 150 ሊትር ነው፤ ወደ 53 ሚሊ ሊትር ይሆናል፣ ግን ይህ ሰው እርምጃውን ቢያዘገይ ይሻላል። በጠርሙስ ክዳን መስፈር ይቅር፤ የክዳኑ መጠን ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፣ ከጤና ጣቢያ የሚገኝ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይበልጣል። ሌላም ጨምሯል፦ ቱፎርዲ የሚባለው ፀረ-አረም የተረጨበት መርጫ ሳይታጠብ ለፀረ-ፈንገስ ማዋል ለስንዴው እምብዛም ባይከፋ እንኳ፣ ያው መርጫ ነገ ባቄላ ላይ ከሄደ ባቄላው ይጠማዘዛል።

መልስ 10። ስለ ጊዜው የመጣው መልስ የእኔኑ አቋም ግማሹን ደግፎ ግማሹን ገፋው። እነ ቲልት ከቅጠሉ ሥር ወደ ቅጠሉ ጫፍ እንጂ ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ ቅጠል አይሻገሩም። ከርጭት በኋላ የሚወጣ ቅጠል ባዶውን ነው የሚወጣው። ፍሬውን በአብዛኛው የሚሞሉት ደግሞ የመጨረሻው ቅጠልና ከሥሩ ያለው ናቸው። ስለዚህ አንድ ርጭት ብቻ አቅሙ ያለው ሰው፣ የመጨረሻው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ዛላው ሳይወጣ ወይም ብቅ ሲል መርጨት አለበት። በሽታው ከዚያ በፊት ከመጣ ግን መጠበቅ የለም፤ ይረጫል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥም አይቶ ይደግማል። ፍሬው ከወተት አልፎ ሊጥ ከሆነ በኋላ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው፤ በኬሚካሉና በአጨዳው መካከል መቆየት ያለበት ጊዜም አይበቃም።

ከዚህ ቀጥሎ ደግሞ ገበሬውን በየዓመቱ ሁለት ጊዜ የሚያስረጭ አንድ ስህተት አነሳ። ኬሚካሉ የሞተውን ቅጠል አያስነሳም፤ ቢጫው መስመር ከተረጨም በኋላ እዚያው አለ። ገበሬው መስመሩን አይቶ ኬሚካሉ የውሸት ነው ይላል፣ ሌላ ይገዛል። ማየት ያለበት ዱቄቱን ነው፦ ከሳምንት በኋላ መስመሩን በጣት ሲያሽ ጣቱ ካልቀለመና ከላይ ያለው ቅጠል ንጹሕ ከሆነ ሠርቷል።

መልስ 11። ከጀርመን የጻፈ አገሬ ሰው፣ በእርጋታ፣ የቲልት ዋና ንጥረ ነገር ፕሮፒኮናዞል በ2018 መጨረሻ በአውሮፓ ኅብረት ፈቃዱ እንዳልታደሰ፣ ሬክስ ዱዮ የተባለው ፀረ-ፈንገስ ውስጥ ያለው ኢፖክሲኮናዞልም በ2020 ፈቃዱ እንዳበቃ አስታወሰ፤ ምክንያቱም በመራባት ጤና ላይ ያለው ስጋት ነው። ታዲያ ምርምሩ ወደ ርጭት ያዘንብል ማለት በሌላ አገር የተጣለ ነገር ላይ ቤት መሥራት አይሆንም ወይ ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ለእኔ ነበር፤ የመለሰው ግን ሌላ ሰው ነው።

መልስ 12። የተሳለ ነው። እስከ አሁን እርስዎ ሲባባሉ የቆዩት እዚህ ላይ አንተ መባባል ጀመሩ። አውሮፓ ውስጥ ኬሚካሉ ሲከለከል ሌላ አምስት ዓይነት በመደርደሪያው አለ፤ ለአርሲ ገበሬ ግን የሚቀርበው ይኸው ነው፤ ማሳው በቢጫ ዱቄት ተሸፍኖ ሳለ ከሩቅ ሆኖ አትርጭ ማለት አይከብድም ነበር ነገሩ። ከቁጣው መካከል ግን ጠቃሚ ነገር አለ፦ ዋናው አደጋ ያለው ያልተበረዘውን ሲሰፍሩ ነው፤ ስለዚህ የላስቲክ ጓንት ከምንም በፊት ነው፣ ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ አለመሄድ፣ የተዘጋ አፍንጫን በአፍ አለመንፋት፣ ባዶውን ጠርሙስ ሦስቴ አለቅልቆ እጣቢውን መርጫው ውስጥ መጨመርና ጠርሙሱን በስቶ መጣል። ባዶ የኬሚካል ጠርሙስ ለዘይትና ለጋዝ እየዋለ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጽፈውም ብሏል።

መልስ 13። ከጠቡ በላይ ሆኖ ሌላ ስጋት አመጣ፦ ያንኑ የኬሚካል ወገን መደጋገም። ዋጎች እስከ አሁን ትራያዞል የሚባለውን፣ እነ ቲልትና ናቱራ ያሉበትን ወገን፣ ብዙም አልለመዱም፤ ሴፕቶሪያ ግን አውሮፓ ውስጥ በደንብ እየለመደ ነው፣ እኛም ጋ ሁለቱ በሽታዎች አንድ ቅጠል ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ የሚረጭ ሰው አንዱን ዙር እንደ ናቲቮ ሁለት ወገን የያዘ ቢያደርገው፤ ደግሞም በግማሽ መጠን መርጨት ቁጠባ አይደለም፣ ፈንገሱን ማሠልጠን ነው።

መልስ 14። ይህ ቀጥታ ወደ እኔ የመጣ ነው፤ ረጅምና ጠንካራ። ዝርያና ርጭትን እንደ ተፎካካሪ ማስቀመጤን አልተቀበለም። ሙሉ በሙሉ ተጋላጭ የሆነ ዝርያ ላይ በክፉ ዓመት ሁለት ርጭትም ላይበቃ ይችላል፤ መካከለኛ መከላከያ ባለው ላይ ግን አንዱ ይበቃል፣ በደህና ዓመት ምንም አያስፈልግ ይሆናል። የሚፈለገው ዋግን ፈጽሞ የማያሳይ ስንዴ ሳይሆን ዋግ እየዘገየ የሚሄድበት ስንዴ ነው። እነ ኤስአር2፣ ኤልአር34 እና ኤልአር46 የሚባሉት ዘረመሎች እያንዳንዳቸው ደካማ ናቸው፤ አራት አምስቱ አንድ ዝርያ ውስጥ ሲሰበሰቡ ግን ፈንገሱ ይታያል እንጂ አይጎዳም፣ አንድ አዲስ የዋግ ዘር ስለመጣም በአንድ መኸር አይፈርሱም።

ችግሩ እንዲህ ያለውን ስንዴ ሰው አይቶ መጣሉ ነው። ኤስአር2 ያለበት ስንዴ በአንጓው ሥርና በዛላው ሽፋን ላይ ይጠቁራል፤ ኤልአር34 ያለበት የቅጠሉ ጫፍ ይደርቃል። ሁለቱም በሽታ አይደሉም፣ የመከላከያው ምልክት ናቸው። ሠርቶ ማሳያ ላይ ግን ገበሬው ንጹሕ አረንጓዴውን ይመርጣል፣ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ዘረመል የቆመው ነው። የምርምር ማዕከላትም መረጃቸውን ሲያቀርቡ ሙሉውን ቢናገሩ ይሻላል አለና የአመዘጋገቡን ዘዴ አስረዳ፦ በመጀመሪያ ከተክሉ ስንት መቶኛው እንደተያዘ ይገመታል፣ ቀጥሎ የቁስሉ ዓይነት ይጻፋል፣ ከዚያ መቶኛው በዓይነቱ ይባዛል፤ ለሚቋቋም 0.2፣ ለመካከለኛ ተቋቋሚ 0.4፣ ለመካከለኛ ተጋላጭ 0.8፣ ለተጋላጭ 1። ስለዚህ 40 በመቶ ተይዞ መካከለኛ ተጋላጭ የሆነው 32 ያገኛል፤ 60 በመቶ ተይዞ መካከለኛ ተቋቋሚ የሆነው ግን 24። ከሩቅ ሲታይ ሁለተኛው የባሰ ይመስላል።

ለዚህ የመለስኩት አንድ ነገር ነው፦ እንዲህ ያለው ስንዴ ካለ ለምን ገበሬው እጅ አይገኝም? መልሱ ወዲያው መጣ።

መልስ 15። ዘር ብዜት የሚያውቅ ሰው ነው። ማስተባበያ የሌለው ሒሳብ አስቀመጠ። አንድ ኩንታል የአዳቃይ ዘር በሄክታር 125 ኪሎ ቢዘራ 0.8 ሄክታር ይሸፍናል፤ በሄክታር 30 ኩንታል ቢሰጥ 24 ኩንታል ነው። ሁለተኛው ዓመት 576 ኩንታል፣ ሦስተኛው 13,824 ኩንታል። ምንም ሳይበላሽ፣ ምንም ሳይበጠር፣ ምንም ዳቦ ሳይሆን ማለት ነው። ያ ሁሉ በአራተኛው ዓመት ቢዘራ 11 ሺህ ሄክታር ገደማ ይሸፍናል፤ አገሪቱ በስንዴ የምትሸፍነው ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው። ስለዚህ ዋጉ ከመጣ በኋላ ዘር ማባዛት መጀመር ከዝናብ በኋላ ጣሪያ መሥራት ነው፤ ተተኪው ዝርያ አሮጌው ሳይወድቅ መባዛት አለበት። ነገር ግን ያልወደቀ ዝርያ ባለበት አዲሱን የሚገዛ የለም፣ ያልተገዛ ዘር መጋዘን ውስጥ ለአባዢው ኪሳራ ነው። ከስንዴ ባሕርይ የተነሳም ገበሬው በየዓመቱ አይገዛም፤ ስንዴ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል በጥንቃቄ የተያዘ የራስ ዘር ለሦስት አራት ዓመት አይጎዳም። የመዘግየቱ ሥር እዚህ ነው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ አይደለም ባይ ነው። በእኔ ግምት በክሩ ውስጥ ለጥያቄዬ ከሁሉ የቀረበው መልስ ይኸኛው ነው፤ ከዝርያም ከርጭትም በፊት ዘሩ በስንት ዓመት ይደርሳል የሚለው መጠየቅ ነበረበት።

መልስ 16። ወሬው ወደ ቡና ዞረ። ጂማ ላይ የተመረጡት 74110፣ 74112 እና 74158 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች የቡና ፍሬ በሽታን ይኸው ከአርባ ዓመት በላይ ተቋቁመው የለም ወይ? ቡናው የቻለውን ስንዴው ለምን ያቅተዋል?

መልስ 17። ጥያቄው ከርዕሱ ቢወጣም መልሱ ጥሩ ነበር። በሽታው ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ1971 ነው፤ በቁጥሮቹ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። ያኔ ማዳቀል ሳያስፈልግ፣ በበሽታው መካከል ሳይጎዱ የቆሙ እናት ዛፎች ከሰፊው የአገር ቡና ውስጥ ተለቀሙ። የቡናው መከላከያ የብዙ ዘረመሎች ድምር ነው፤ ፈንገሱም በዝናብ ፍንጣሪ ከፍሬ ወደ ፍሬ የሚሄድ እንጂ በነፋስ አገር የሚሻገር አይደለም። የስንዴ ዋግ ብናኝ ግን በነፋስ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ የመን፣ ኢትዮጵያና ኬንያ ለእሱ አንድ ማሳ ናቸው።

መልስ 18። የሰሜን ሸዋ ባቄላ ላይ ስለወጣው ቆርምድ ስለሚባል በሽታ ጠየቀ። ሌላ ክር ይከፈትለት ተባለ፤ ትክክል ነው፣ ለብቻው የሚበቃ ጉዳይ ነው።

መልስ 19። ወደ ርዕሱ መለሰን። የዋጉን ዘር ለይቶ ማወቅ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከአንድ ቁስል የተነሳ ብናኝ አባዝቶ፣ 20 መለያ የስንዴ መስመሮች ላይ ረጭቶ፣ የእያንዳንዱን ምላሽ ወደ አምስት ፊደል ኮድ መቀየር ነበር፤ ቲኬቲቲኤፍ የሚለውም የመጣው ከዚያ ነው። ይህ ሳምንታት ይወስዳል፣ ናሙናውም ሕያው ሆኖ መድረስ አለበት። ማርፕል የሚባለው በሻንጣ የሚያዝ የዘረመል ማንበቢያ ግን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በቢጫ ዋግ ላይ ሲሞከር፣ የቆየውን መንገድ ወደ ሁለት ቀን ገደማ አሳጥሮታል። ከነፋስ ትንበያ ጋር ሲጣመር ለወረዳ ማስጠንቀቂያ ይላካል። እዚህ ላይ የመላሹ ቅሬታ፣ ማስጠንቀቂያው ቢደርስም ኬሚካሉ በዚያ ሳምንት ወረዳው ውስጥ ከሌለ መልእክቱ ጭንቀት ብቻ ይዞ መምጣቱ ነው። የናሙና አያያዙንም አልዘነጋም፦ የታመመ ቅጠል በወረቀት ፖስታ ነው የሚገባው፤ ላስቲክ ውስጥ ላብ ያወጣና ሻጋታ ብቻ ይደርሳል።

መልስ 20። ዋግ በበጋ የት ይኖራል ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ። ይህ ፈንገስ በሕይወት ያለ ተክል ካላገኘ ይሞታል። ባሌ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ስንዴ ይዘራል፤ የበልጉ ሳይታጨድ የመኸሩ ይበቅላል፣ በመካከሉም ከኮምባይነር ወድቆ በራሱ የበቀለ ስንዴ አለ። አሁን ደግሞ የበጋ መስኖ ስንዴ በቆላው ተጨምሯል። ስለዚህ ዋጉ ዓመቱን ሙሉ ከአረንጓዴ ወደ አረንጓዴ ይሻገራል። መፍትሔ ያለው በመካከሉ የበቀለውን ገልብጦ ማረስ፣ የመስኖውን መዝሪያና መድረሻ ጊዜ በወረዳ ደረጃ አንድ ማድረግ፣ ከሁሉም በላይ የመስኖውን ዝርያ ከደጋው ዝርያ በመከላከያ ዘረመል መለየት ነው። በርበሪስ የሚባለው እሾሃማ ቁጥቋጦም ለግንድ ዋግ ሁለተኛ ቤት መሆኑ ኢትዮጵያ ውስጥ ተረጋግጧል፤ ፈንገሱ የሚዳቀለው እዚያ ላይ ስለሆነ ስንዴ ማሳ ዳር ያለው ቢነቀል አይጎዳም።

መልስ 21። የመጨረሻው ተቃውሞ ነው፣ አልለዘበም። የመስኖ ስንዴን የዋግ መንስኤ ማድረግ ጭፍን ነው ይላል፤ ቢጫ ዋግ የአዋሽን ሙቀት አይችልም። የግንድና የቅጠል ዋግ ግን ሙቀት እንደሚወዱ ራሱ አምኖ፣ ቆላው ላይ ያለው ሥራ ለሁለቱ ብቻ ይሁን አለ። ዝርያ መለየቱን ደግፎ አንድ ነገር ጠየቀ፦ ኩታ ገጠም እርሻ አንድ ቀበሌን በአንድ ዝርያ እንዲሸፍን ያበረታታል፣ ለኮምባይነርና ለገዢ ፋብሪካ ይመቻል። ታዲያ የዝርያውን ቅይጥ የሚወስነው ማነው፤ ዘር የሚያከፋፍለው፣ ፋብሪካው፣ ወይስ ወረዳው? ለዚህ እስከ አሁን የመለሰ የለም። ከዘር አቅርቦት በኩል የምትሠሩ ካላችሁ በ22 ቁጥር ግቡበት፤ የዝርያውን ስም ብቻ ሳይሆን በየቀበሌው ስንት በመቶ እንደደረሰ የምታውቁትን ጻፉ።